ቴክ ኦፍ፦ ማውለቅ ነው ወይስ መብረር?

ወንድሜ፣ የእንግሊዝኛው "ቴክ ኦፍ" (take off) ማውለቅ ነው ወይስ መብረር ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም አለበት፤ ግን መብረር ሳይሆን ከመሬት መነሳት በለው። አውሮፕላኑ ከባሕር ዳር ተነሳ ለማለት "ዘ ፕሌን ቱክ ኦፍ" ትላለህ። ጣና ላይ ሲያንዣብብ ያለው ግን "ፍላይ" ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማውለቁ ላይ ነው። እኛ ጫማ እናወልቃለን፣ ሰዓት እንፈታለን፤ ለእንግሊዝኛው ሁሉም "ቴክ ኦፍ" ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለቆመ እንግዳ ጫማህን አውልቅ ስትል "ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ" ወይም "ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ" ማለት ትችላለህ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ "ሹዝ" የሚለውን ትተህ በተውላጠ ስም ከተካኸው ግን የግድ መሃል ይገባል፦ "ቴክ ዜም ኦፍ"። "ቴክ ኦፍ ዜም" አይባልም። ይቺን አደራ ያዛት፣ ፈተና ላይም ትመጣለች።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ የከፈተ ጓደኛህ ገበያው ድንገት ከደራለትም "ሂዝ ቢዝነስ ቱክ ኦፍ" ነው። ከሥራ የአንድ ቀን እረፍት መውሰድ ደግሞ "ቴክ ኤ ደይ ኦፍ" ይባላል፤ ቀኑ መሃል እንደገባ ልብ በል።