ከአባቴ ፊት ሥር የነበረው ፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥዕል ተማሪ ጣፎ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ልሳል?» አለኝ። ቡና ቀዳሁለት እንጂ አልመለስኩለትም። እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

አባቴ ጭሰኛ ነበር። ዛሬ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ባለበት አካባቢ የሰው መሬት ያርስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ሲያለቅስ አየሁት። ስለዚህ አዋጁን በትልቅ ሸራ እንድስል ስታዘዝ ማንም አላስገደደኝም። የደርግ መሪዎችን መሃል፣ ገበሬውን ዙሪያ አደረግሁ። ባላባቶቹን በጎን ሳልኳቸው፣ በአንድ ዓይን። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ክፉውን የሚስሉት እንዲያ ነው። የዓድዋ ሥዕሎች ላይ ጣሊያኖቹን እዩ። እናንተ ከስልክ ላይ ስለምትገለብጡ ይሄ አይታያችሁም።

ኅዳር 1970 መሃል ከሳልኳቸው አንዱ፣ የደርጉ ምክትል ሊቀመንበር ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደሉ። ወዲያው አንድ ኃላፊ መጣ። «እስከ ጠዋት ይጥፋ። ገበሬ አድርግበት» አለኝ። ጊዜው የቀይ ሽብር ነው፤ እምቢ ማለት አይታሰብም። ፋኖስ አብርቼ አደርኩ። ማዕረጉን በጋቢ ሸፈንኩ። ፊቱ ላይ ስደርስ እጄ የአባቴን ፊት አመጣ።

ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ አባቴን ወሰድኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ከራሱ ፊት ፊት ለፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ «እዚህ ቦታ ማን ነበር?» አለኝ። ጋቢው ሥር ያለው ትከሻ የወታደር ነበር፣ ቀጥ ያለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው ነው።

«ማንም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥዕሌ ጠይቆኝ አያውቅም። እንደዋሸሁት ሞተ።

ልጄ፣ ያልመሰለህን አትሳል። የቤት ኪራይ ካለብህ ደግሞ ሳል፣ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በትእዛዝ ሥራ ነው። መሸፈኔ አይቆጨኝም፣ ብሸፍን ነው የተረፍኩት። የሚቆጨኝ ያቺ «ማንም» ናት። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለአባቴ ለብቻው ልነግረው እችል ነበር።

ቅዳሜ ና። ሁለቱንም ፊት ጎን ለጎን እየሳልኩ ነው። የአባቴ ትከሻ አሁንም አልመጣልኝም።