ኬታሚን ለመጀመር ሊቲየም ይቆማል ወይ? (መልስ)

አይ፣ ስሜትን የሚያረጋጋውን መድኃኒትህን ሊቲየሙን በራስህ ውሳኔ አታቁም። ባይፖላር (ስሜት በማኒያ፣ ማለትም ከልክ ባለፈ ንቃትና ደስታ፣ እና በድብርት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም) እንዳለብህ ገልጸህ፣ ለድብርቱ ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ ለመሞከር ሊቲየሙን መተው ይኖርብህ እንደሆነ ጠይቀሃል። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ባይፖላር ያለባቸው 18 ሕሙማን በደም ሥር ኬታሚን የተሰጣቸው ሊቲየም ወይም ቫልፕሮኤት የተባለውን ሌላ ስሜት አረጋጊ መድኃኒት እየወሰዱ ነው። ድብርቱ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀለለ፤ እፎይታው ግን የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

በአፍንጫ የሚነፋው የኬታሚን ዓይነት፣ ስፕራቫቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የጸደቀው ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት ድብርት እንጂ ለባይፖላር አይደለም። ስለዚህ ለኬታሚን ሕክምና ከመፈረምህ በፊት የሕክምና ቦታውን እነዚህን ጠይቅ፦

1. ባይፖላር እንዳለብኝ ታውቃላችሁ? ሊቲየሜ ይቀጥላል?
2. ከመድኃኒቱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የደም ግፊቴን የሚከታተል ባለሙያ አለ?
3. ማኒያ ቢነሣብኝ በሌሊት ለማን እደውላለሁ?

ወንድሜ «ተሽሎኛል» ብሎ ሊቲየሙን በአንድ ጊዜ አቆመ። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላው እንቅልፍ አጣ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ በተነ፣ መጨረሻው ሆስፒታል ሆነ። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ ራስን የማጥፋት አደጋም ይጨምራል። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪምህ ቀስ በቀስ ይቀንስልህ። እባክህ፣ ነገ ጠዋት ደውልለት።