ሳትፍቁት መዝኑት

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ወርቅ ስሠራ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነኝ። ሰሞኑን አሮጌ የወርቅ ሳንቲም ይዛችሁ የምትመጡ ወጣቶች በዝታችኋል። ብዙዎቻችሁ እኔ ዘንድ ሳትደርሱ፣ እውነተኛ መሆኑን ለማየት ጠርዙን በምላጭ ፍቃችሁታል፤ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ገና ጎረምሳ ሳለሁ አንዲት እናት ከሸዋ በር ወጥተው፣ ከአያታቸው የወረሱትን የምኒልክ ወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። ፲፰፻፹፱ የሚለው ቁጥር ሳይደበዝዝ ቆይቷል። ሞረድ አንስቼ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ሳብኩበት። እውነተኛ ወርቅ ነበር። ሰብሳቢ ሊከፍልበት የሚችለውን ዋጋ ግን ወደ ስብርባሪ ወርቅ ዋጋ አወረድኩት። ሴትዮዋ ምንም አላሉኝም፤ መልሰው ቋጥረውት ሄዱ። ዛሬም ድረስ ያንን ቋጠሮ አልረሳሁትም።

ወርቅን ቀለሙ አይለየውም፤ ናስም ሲወለወል ያብለጨልጫል። የሚለየው ክብደቱ ነው። በእጄ በብዛት ያለፈውን የእንግሊዝ ፓውንድ ወርቅ ውሰዱ፤ በአንድ ወገን የንጉሥ ወይም የንግሥት ምስል፣ በሌላው አብዛኛውን ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ያለበትን። 22 ካራት ነው፣ 7.98 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ገደማ። በዚያው ልክ ከናስ ቢሠራ 4 ግራም አይሞላም፤ ከእርሳስ ቢሆን 5 ገደማ ነው። በእነዚህ የሚያስመስል ክብደቱን ለመሙላት ማወፈር ወይም ማስፋት ግድ ይሆንበታል፣ ያኔ ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) ያጋልጠዋል። ጆሮ ተበይዶለት አንገት ላይ የዋለ ከሆነ ግን ክብደቱ ስለበለጠ ብቻ ሐሰተኛ ነው አትበሉ።

በውሃም ይፈተናል። ውሃ ያለበት ብርጭቆ የወርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፣ ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ ለፓውንዱ 0.45 ግራም ገደማ ያሳያል። የሳንቲሙን ክብደት ለዚያ ስታካፍሉት 17.7 አካባቢ ከመጣ ከ22 ካራት ወርቅ ጋር ይስማማል፤ ናስ 8 ተኩል ላይ ይቀራል። ማግኔት የሚይዝላችሁ እንደ ብረት ያለውን ነው፣ ናስና እርሳስ ያልፉታል።

ወርቁ እውነተኛ ሆኖ ሳንቲሙ ሐሰተኛ ሊሆንም ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን ውስጥ በትክክለኛ ወርቅ ሐሰተኛ ፓውንድ ተሠርቷል። እዚህ ላይ ሚዛን አይረዳችሁም፤ ዓይን ነው። በአጉሊ መነጽር ፊደላቱን እዩ። በማኅተም የተመታ ሳንቲም የፊደሉ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ቀልጦ የተቀዳ ግን መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ፣ የደበዘዘ ፊደል፣ አንዳንዴም በዙሪያው የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል።

«እርሻ ላይ ቆፍረን አገኘነው» እያለ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያሳያችሁን ሰው ገንዘብ አትስጡት። አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው። የአክሱም ዘመን ወርቅ ሆኖ ከተገኘም የአገር ቅርስ ነው፤ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያዛል። እናንተ ራሳችሁ ብታገኙት አትጠቡት፣ አትወልውሉት፤ አፈሩ እንዳለበት በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የወጣበትን ቦታ ጽፋችሁ ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ውሰዱት።