ሰባት እንቁላል፣ ጫጩት ግን የለም፦ ስለ ትላልቅ በቀቀኖች ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ «ጥንድ ናቸው» ተብለው የተሸጡልኝ ሁለት አፍሪካን ግሬይ (እዚህ ካስኮ የሚሏቸው) አሉኝ። ሲጎራረሱና ሲተሻሹ ስለማይ ወንድና ሴት መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም። ዘንድሮ ሳጥኑ ውስጥ 7 እንቁላል ተጣለ፤ ታቀፉት፣ አንድም አልተፈለፈለም። ምክንያቱ ምን ይሆን? — አንባቢ፣ ዱባይ

መልስ፦ ቁጥሩ ራሱ ፍንጭ ነው። አንዲት ግሬይ በአንድ ዙር የምትጥለው ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 እንቁላል ነው። ሰባት ሲሆን ሁለት ሴቶች በአንድ ሳጥን ጥለዋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። መጎራረስ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ሴቶችም ሁለት ወንዶችም ያደርጉታል። ግሬይ፣ ማካውና አማዞን በሚባሉት በቀቀኖች ወንዱ ከሴቷ በመልክ አይለይም፤ ወንዱ አረንጓዴ ሴቷ ቀይ የሆነችው ኤክሌክተስ ናት። ስለዚህ የዲኤንኤ ምርመራ ያሠሩ። ከእያንዳንዳቸው ደረት 4 ወይም 5 ላባ ከነሥሩ ተነቅሎ ለየብቻ በወረቀት ፖስታ ይላካል። ወለል ላይ ወድቆ የተገኘ ላባ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ አይላክ።

አንዷ ወንድ ሆና ከተገኘች ደግሞ ሌሎች ምክንያቶችን ይፈትሹ። ዕድሜ አንዱ ነው፤ ግሬይ ለመራባት የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የመቆሚያ እንጨት ነው። እንጨቱ የሚዞር ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ወንዱ ሚዛኑን ስቶ ይንሸራተታል፣ ግንኙነቱ ሳይፈጸም ይቀራል፣ እንቁላሉም ባዶ ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ በብሎን ይታሰር።

ሳጥኑ ወርዱና ጎኑ 30 በ30፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ቀዳዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ላይኛው ጫፍ ይከፈት። ከቀዳዳው እስከ ወለሉ መወጣጫ ይኑረው፤ መወጣጫ ከሌለ ወፏ ከላይ ዘላ እንቁላሉን ትሰብራለች። ወለሉ ላይ መድኃኒት ያልተቀባ የእንጨት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ። የወፍ ቤቱ ሽቦ አዲስ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ በኮምጣጤና በብሩሽ በደንብ ተፈትጎ ይታጠብ፤ ወፎቹ የተንጠባጠበውን ዚንክ ላጭተው ሲውጡ ይመረዛሉ።

እንቁላል የሚጣለው በየ2 ወይም 3 ቀኑ ስለሆነ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ። በስምንተኛው ቀን በጨለማ ቤት በትንሽ ባትሪ ሲያበሩበት የቀይ ደም ሥር መረብ ከታየ ሽል አለ፤ በአሥረኛውም ቀን ጥርት ብሎ ከታየ ባዶ ነው። ባዶ ቢሆንም ወዲያው አይውሰዱባት። ግሬይ ወደ 28 ቀን ትታቀፋለች፤ ጊዜዋን ሳትጨርስ ከተወሰደባት ተክታ ትጥላለች፣ ካልሲየሟም ይሟጠጣል። በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አያስጥሏት፣ ከዚያ ሳጥኑን ያንሱት።

ካልሲየም ካነሣን፦ የሱፍ አበባ ፍሬ ብቻ የምትበላ ግሬይ ለእርባታ አትሆንም። ፍሬው ስብ የበዛበት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ኤ ያነሰው ነው። ከምግቧ አብዛኛው ፔሌት (ለወፍ ተዘጋጅቶ የተጨመቀ ምግብ)፣ ቀሪው ጎመን፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ቃሪያ ይሁን (ቃሪያው አያቃጥላትም፣ ወፎች ያንን ስሜት አያውቁትም)። የጠዋት ፀሐይ ታግኝ፤ የመስኮት መስታወት ግን የሚያስፈልጋትን ጨረር ስለሚያስቀር ከመስታወት ጀርባ ማስቀመጥ አይጠቅማትም። ላባዋን ነፍታ ወለል ላይ ተቀምጣ የምታምጥ ወፍ ካዩ እንቁላል ተይዞባት ይሆናል። ወደ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ቦታ አስቀምጠው የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ በእጅ ለመግፋት አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቅዳሜና እሑድ ቡና ይፈላል፣ እጣንም ይጨሳል። ማካዋችን ሳሎን ውስጥ ናት። ይጎዳታል ወይ? — አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አዎ፣ ይጎዳታል። የወፍ ሳንባ አየርን ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ስለሚወስድ፣ ጭስም ሆነ መርዝ ቶሎ ይገባባታል። የእጣኑ፣ የቆሎውና የቡናው ጭስ ቀስ በቀስ መተንፈሻዋን ይጎዳል፤ የከሰሉ ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ቤት ለሰውም ያሰጋል።

ከሁሉ የከፋው መጥበሻው ነው። ቡናው የሚቆላው በማያጣብቅ፣ ቴፍሎን በተቀባ መጥበሻ ከሆነ፣ ባዶውን ሲግል ወይም ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሰው ምንም ሳይሰማው ወፏ ሞታ ትገኛለች። ስለዚህ ቡናው በብረት ምጣድ ይቆላ። የማያጣብቁ የምድጃ ሽፋኖችና አንዳንድ ማሞቂያዎችም ያው ንጥረ ነገር አላቸውና ይመርምሯቸው።

ሥነ ሥርዓቱን መተው የለባችሁም፤ ወፏን አንሱላት። በሩ የሚዘጋ ክፍል ውሰዷት፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልሉበት። የአሜሪካ ቤቶች አየር በቱቦ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚዞር የዚያን ክፍል የአየር መግቢያ ዝጉ። መስኮት ከፍታችሁ ሽታው እስኪጠፋ ቆዩ፣ ከዚያ መልሷት። ትንፋሽ ስትወስድ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ድምጿ ከተለወጠ ሐኪም ያያት። ከሲኒያችሁም አትቅመስ፤ ቡና፣ ቸኮሌትና አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ናቸው። ፈንዲሻ ጨውና ቅባት ከሌለው ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ለማዳ እንዲሆን ብለን የአራት ሳምንት የግሬይ ጫጩት ከወላጆቹ ወስደን በሲሪንጅ እያጎረስን ነው። ትናንት ማታ የበላው ዛሬ ጠዋት ከአንገቱ ሥር እንዳለ ነው። — አንባቢ፣ ቴል አቪቭ

መልስ፦ ሌላ ምግብ አይጨምሩበት። ከአንገቱ ሥር ያለው ቋት በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን አለበት። የቀረው ምግብ ይኮመጥጣል፣ ፈንገስ ያፈራል፣ አዲሱንም ያበላሻል።

መጀመሪያ የማሞቂያ ሳጥኑን ይለኩ። ቀንበጥ ላባ ለጀመረ ጫጩት ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከበረደው አንጀቱ ይቆማል። ቀጥሎ የምግቡን ሙቀት ይፈትሹ። ሲጎርስ ከ40 እስከ 41 ዲግሪ ይሁን፣ በቴርሞሜትር እንጂ በጣት አይለካ። ከ38 በታች ከሆነ ይቆይበታል፣ ከ43 በላይ ከሆነ ቋቱን ያቃጥላል። ቃጠሎው ያኔ አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ቆዳው ጠቁሮ ይበሳና ምግቡ በደረት በኩል ይፈሳል። ማይክሮዌቭ መካከሉን ከዳሩ ለይቶ ስለሚያሞቅ ምግቡን በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ያሙቁት።

አሁን ትንሽ ለብ ያለ ውኃ ሰጥተው ቋቱን በጣት በቀስታ ያሻሹ። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገው ለማስተፋት አይሞክሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በሁለት ሦስት ሰዓት ካልወረደ፣ ከአፉ ኮምጣጣ ሽታ ከመጣ ወይም ቆዳው ቀልቶ ከተሸበሸበ ሐኪም ቋቱን ማጠብ አለበት። ይህ እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ሲሻለው በየጠዋቱ፣ ከመጉረሱ በፊት፣ በግራም ሚዛን ይመዝኑት። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህል ነው፤ 250 ግራም ለሚመዝን 25 ሚሊ ሊትር። ሲሪንጁ ከጫጩቱ ግራ በኩል ገብቶ ወደ ቀኙ ያነጣጥር፣ የምግብ ቧንቧው በዚያ በኩል ስለሆነ።

እንዲህ ዓይነት ጭንቀት ቢያንስ ለጀማሪ አስፈላጊ አይመስለንም። ወላጆቹ እያጎረሱት፣ ዓይኑ ከተገለጠ በኋላ በቀን አሥር ደቂቃ ያህል በእጅ ቢያዝ ጫጩቱ ለማዳ ይሆናል፣ በ12 ሳምንቱም ከሳጥኑ ራሱ ይወጣል። ከሰው እጅ ብቻ ያደገ በቀቀን ሲያድግ የራሱን ዓይነት ወፍ እንደ ጓደኛ ለመቀበል ይቸገራል፤ ለእርባታ ከተፈለገ ይህ ጉዳቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕረ ሰላጤው አንድ ግሬይ ይዤ ልመጣ አስቤያለሁ። ካልተቻለ አንድ ሰው ከጫካ የያዘውን ጭንቅላቱ ቢጫ የሆነ በቀቀን ሊሸጥልኝ ነው። — አንባቢ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አፍሪካን ግሬይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ አንድ፣ ማለትም ቁጥጥሩ እጅግ በጠበቀበት ዝርዝር ላይ ነው። ለማስገባት ከሚወጣበት አገር የመላኪያ፣ ከኢትዮጵያም የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እግሩ ላይ የተዘጋ ቀለበትና የመራቢያ ቤቱ ሰነድም ቢኖሩ ይረዳሉ። ከመግዛትዎ በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ ከገዙ በኋላ ወረቀት መፈለግ ብዙ ጊዜ በአየር ማረፊያ መወረስን ያስከትላል።

ጭንቅላቱ ቢጫ የሆነውን ግን አይግዙት። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር አይገኝም፣ በደጋ ደን የዛፍ ጎድጓድ ውስጥ ይራባል፣ ያለ ፈቃድ መያዝም ሕገ ወጥ ነው። ካደገ በኋላ ከጫካ የተያዘ ወፍ ሰውን በቀላሉ አይለምድም፣ ከፍርሃቱም የተነሣ ላባውን ሊነቅል ይችላል።