መልስ፦ አሞርዛተር ተቀይሮም ያልጠፋ የሃይሉክስ ኳኳታ

የሃይሉክስህን አሞርዛተር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደውን) ቀይረህም ከጅማ ወጣ ስትል ጠጠር መንገድ ላይ ኳኳታው ካለ፣ መሪውም ከላላ፣ ከፊት የታችኛውን ቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማው በኩል የሚያያይዘውን ኳስ መሳይ መጋጠሚያ) እና ታይሮዱን (የመሪውን እንቅስቃሴ ለፊት ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ) ፈትሽ።

የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ። ክሪኩን ከታችኛው አርም (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው የብረት ክንድ) ስር፣ ወደ ቦል ጆይንቱ አስጠግተህ አንሳ። ከሻሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ስር ካነሳኸው ስፕሪንጉ ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው መላላቱ ይደበቅብሃል። የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ያኔ ከቆመ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው፣ ካልቆመ ቦል ጆይንቱ። ግራና ቀኝ ስትነቀንቀው ብቻ ከሆነ ታይሮዱን ጠርጥር። የቦል ጆይንቱ ላስቲክ ተቀዶ ጭቃ ከገባበት ገና ባይላላም ቀይረው፤ ቦል ጆይንቱ ከተነቀለ ጎማው እየሄድክ ይታጠፋል።

ታይሮዱን ስትፈታ ስንት ዙር እንደወጣ ቁጠር፤ አዲሱን በዚያው ልክ አስገባ። ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳ የሚገባው ሽቦ) አዲስ ይሁን። ቀዳዳው ካልገጠመ ዳዶውን ጨምረህ አጥብቅ እንጂ አታላላ። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፤ አለዚያ ጎማህን በአንድ ጎን ይበላዋል።

አደራ፣ የአርሙን ጎሚኒ (በመጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ላስቲክ) ከቀየርክ ቡሎኑን መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳለ አታጥብቀው። ጎማው መሬት ይዞ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው የሚጠብቀው። ተሰቅሎ ከታሰረ ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይቆይና ቶሎ ይቀደዳል፣ ኳኳታውም ይመለሳል።