አስፋልት ዳር ያለውን ቤት እንግዛው ወይ ላለሽው እህቴ

ጥያቄሽን አየሁት። ላላነበቡት ባጭሩ፦ ባለቤትሽ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል፣ ከአዲስ አበባ ልትወጡ ነው። በቻቻና በደብረ ብርሃን መካከል፣ በሩ ወደ አስፋልቱ የሚከፈት ቤት በጥሩ ዋጋ አግኝታችኋል። ልጆቹ የ4 እና የ8 ዓመት ናቸው። መንገዱ የእግረኛ መሄጃ የለውም፣ መኪናው ይበራል። «እናንተ ብትሆኑ ትገቡበት ነበር?» ነው ያልሽው።

እኔ የምኖረው ከደብረ ብርሃን አልፎ፣ ወደ ጣርማ በር በሚወስደው በኩል ጉዶ በረት አካባቢ ነው። መንገዱ ያው አንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ የሚዘልቀው። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው፣ ልጆቻችንም ያደጉት እዚሁ ነው።

መልሱን አላቆይብሽ። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ከሆነ አትግቡ። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግቡ። በእናንተው በኩል ከሆነ ግን ነገሩ ይታያል።

ሰው አስፋልት ዳር ቤት ሲያይ ቶሎ የሚለካው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን ርቀት ነው። «ገባ ያለ ነው፣ የግንብ አጥር አለው» ይላል ደላላው። መኪና አጥር ጥሶ የሚገባበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽሽም። ግን የሰው ሕይወት የሚያልፈው በብዛት ከአጥር ውጭ ነው። ስለዚህ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ቀኑን አስቢው። ውሃ ሲጠፋ ከየት ነው የሚቀዳው? ወፍጮው የት ነው? ቤተ ክርስቲያኑስ? ልጁ እንቁላል ግዛ ቢባል የሚላክበት ሱቅ በየት በኩል ነው? ከእነዚህ ውስጥ ማዶ ያለው ስንቱ እንደሆነ ስትቆጥሪ የቤቱ እውነተኛ ዋጋ ይገባሻል።

ሁሉም በእናንተው በኩል ቢሆን እንኳ መሻገር አይቀርልሽም። ሚኒባስ ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው። ደብረ ብርሃን ስትሄጂ በርሽ ላይ ከተሳፈርሽ፣ ስትመለሺ የሚያወርድሽ ማዶ ነው። ምርጫ ካላችሁ እኔ የምመክረው ስትመለሱ በራችሁ ላይ የምትወርዱበትን ወገን ነው። ጠዋት ዓይን ያያል፣ ልብም ያስባል። ማታ ደክሞሽ፣ ጨልሞ፣ እጅሽ ላይ ዘንቢል ይዘሽ ባትሻገሪ ይሻላል። ባለቤትሽ ፈረቃ የሚገባ ከሆነማ ይሄ ነገር ብቻውን ቤት ያስመርጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አስፋልቱ ወደ 7 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ትንሽ ልጅ ሳይሮጥ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ መኪናው 150 ሜትር በልጧል። በ100 ከመጣ ደግሞ 200 ሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረው። እንግዲህ በሩ ላይ ቁሚና በሁለቱም አቅጣጫ ተመልከቺ። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 280 እርምጃ ያህል ሄደሽ ዞረሽ በሩን እይው። በኩርባ ወይም በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ካልታየሽ፣ ከበርሽ የሚወጣው ልጅም ለሾፌሩ አይታየውም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ተዪው። ጥርት ብሎ ከታየሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው ሾፌር የሚረግጠው።

የ8 ዓመቱ ልጅሽ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መኪናው ሩቅ መሆኑን እንጂ ምን ያህል እየፈጠነ እንደሚመጣ መገመት ይከብደዋል። ይሄ በምክር አይስተካከልም፣ ዕድሜ ነው የሚያስተካክለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ50 ኪሎ ሜትር ከተገጨው 4 እጥፍ ተኩል ይሆናል። እዚህ ያለው መኪና በ65 የሚሄደው ዳገት ሲይዘው ነው።

ሰዓቱንም እይው። ማለዳ ከአዲስ አበባ የወጣው የደሴ አውቶቡስ ቻቻን የሚያልፈው ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በሚወጡበት ሰዓት ገደማ ነው። ሾፌሩ ከተማውን ለቆ፣ መንገዱ ተለቆለት፣ ሞቅ ያለበት ሰዓት። ከኋላው ሚኒባሱ ደርቦ ሊያልፈው ይቁነጠነጣል። ቤቱን ለማየት ደላላው ስድስት ሰዓት ላይ ቢወስድሽ መንገዱ ሰላም ይመስልሻል። አንቺ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሂጂ። በገበያ ቀን ሂጂ። አንድ ምሽትም ሂጂ።

ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ ያለችው ትከሻ የእግረኛ ናት ብለሽ እንዳትተማመኚ። ጭድ የተጫነ አህያ ያልፍባታል። በግ የሚነዳ ያልፍባታል። ጎማ የፈነዳበት ተሳቢ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ ሲገተርባት ያድራል። ድንች በጆንያ አቁሞ የሚሸጥም አለ። ይሄ ሁሉ ሲገጥምሽ ያለሽ አማራጭ ወደ አስፋልቱ መውጣት ነው። ክረምት ደግሞ ይብሳል። ሜዳው ዋልካ ነው፣ ሐምሌ ላይ ትከሻዋን የረገጠ ሰው ጫማውን ከነጭቃው ማንሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ሽማግሌውም ተማሪውም አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል። ጉሙ የሚወርደውም ያኔውኑ ነው። ወደ እኛ በኩል፣ ጣርማ በር አናት ላይ ሲጀምርማ መኪናው የሚታወቀው በድምፁ ነው። ወደ እናንተ ጉሙ ቀለል ይላል፣ ጭቃው ግን ያው ነው።

በጋ ደህና ነው እንዳትዪ፣ የብርዱ ጣጣ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይመታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ገበሬው በርኖሱን ደርቦ፣ ፎጣውን ጆሮው ላይ ጠምጥሞ ወደ ቤቱ ያዘግማል። በርኖሱ ጥቁር ነው፣ አስፋልቱም ጥቁር። ከፊት የሚመጣው ረዥም መብራቱን ሲለቅበት ሾፌሩ ጭራሽ አያየውም። ገበሬውም ከኋላው የሚመጣውን አይሰማም። እኛ ቤት ከመሸ የሚወጣ ሰው ነጭ ነገር ከላይ ጣል ሳያደርግ አይወጣም፣ ባትሪም ይይዛል። የልጆቹ ቦርሳ ላይ ሲበራበት የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አሰፍተንበታል። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ሰደርያ ላይ ያለው ዓይነት ነው። ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም።

በእግር ስትሄዱ ግራችሁን ያዙ፣ መኪናው ከፊት ይምጣባችሁ። ይሄን ትምህርት ቤትም ይነግሯቸዋል። ያልተነገራቸው አንድ ነገር አለ። ደርቦ የሚያልፍ መኪና የሚመጣው በእናንተው በኩል፣ ከኋላችሁ ነው። ስለዚህ ከኋላ ሁለት የሞተር ድምፅ ሲሰማ ዞሮ ማየትና ከጠርዙ መውረድ ልማድ ይሁንላቸው። ከሚኒባስ ሲወርዱ ደግሞ ሚኒባሱ እስኪሄድ መቆም። በፊቱም በኋላውም አልፎ መሻገር የለም። በእኛ ሰፈር ሰው የተገጨባቸውን አጋጣሚዎች ሳስብ ብዙዎቹ ይቺኑ ናቸው፤ ወርዶ፣ በሚኒባሱ አፍንጫ በኩል ብቅ ሲል።

አማቴ ለዚህ ሁሉ ደንብ ደንታ የላቸውም። ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ ዣንጥላቸውን ወደ አስፋልቱ ዘርግተው በቀስታ ይሻገራሉ። የሚገርመው ይቆሙላቸዋል፣ ሲኖትራክ ሳይቀር። ለልጅ ግን ክላክስ ነው የሚነፉለት። ልጁ ክላክስ ሲሰማ ይደነግጥና ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ወይ ይሮጣል። ሾፌሩ የቱን እንደሚመርጥ አያውቅም።

መኪና ፍጥነት የሚቀንስበት ጉብታ አስፋልቱ ላይ ይሠራልናል የሚል ተስፋ ካላችሁ፣ ጠይቁ እንጂ አትጠብቁ። ከተማ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ይጮሃል፣ ከከተማ ውጭ የሚጮህልሽ የለም። ሰው ሲሞት ሰፈርተኛው ተናዶ ድንጋይና አፈር አስፋልቱ ላይ ይከምራል። ማታ በፍጥነት የሚመጣ ያንን ሳያይ ይወጣበታል፣ ሌላ አደጋ። ደንበኛው ጉብታ ራሱ በራፍሽ ላይ ቢሠራ ደስ አይልሽም። ሌሊቱን ሙሉ የጫነ መኪና ፍሬን ይዞ፣ ማርሽ ቀይሮ፣ አጓርቶ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ጉብታ ራቅ ብሎ፣ ግን ከእናንተ በፊት ቢሆን ነው የሚበጀው።

ቁልቁለት ግርጌ ወይም የኩርባ ውጫዊ ጎን ላይ ያለ ቤት ደግሞ በነፃም ቢሰጡሽ እንዳትወስጂ። ወደ እናንተ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ብዙም አያሰጋም። ይሄን የምለው ወደ ደብረ ሲና በኩል ቤት ለምትፈልጉ ሌሎች ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስኪደርስ ይወርዳል። ፍሬን የጋለበት መኪና የሚስተው ቀጥ ብሎ ነው፣ ኩርባው ውጭ ያለው ቤት ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው።

ስለ ቤቱ ራሱ ሁለት ነገር ብቻ። ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፈው የውሃ ቱቦ ወዴት እንደሚተፋ እዪ። መንገዱ ከፍ ያለ ነው፣ ግቢሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ነሐሴ ላይ የማዶው ጎርፍ ሳሎንሽ ይገባል። ሁለተኛ፣ ለመንገዱ የተከለለው ወሰን እስከየት እንደሆነ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። መንገድ ሲሰፋ ወሰን ውስጥ የተገኘ አጥርና ሱቅ ይፈርሳል፣ ያኔ «ሻጩ አልነገረኝም» ማለት አይሠራም። የሻጩን ቃል ይዛችሁ እንዳትከፍሉ፣ ካርታውን ከመሬቱ ጋር አስተያዩት።

ጥቅሙን ካልነገርኩሽ ደግሞ አጉል ይሆናል። ባለቤቴ ምጥ የያዛት ሌሊት ላይ ነበር፣ እጅ ዘርግተን ያቆምነው የጭነት መኪና ነው ሆስፒታል ያደረሳት። ከአስፋልት ብዙ ገባ ብለው የሚኖሩት ዘመዶቻችን ወላድን በቃሬዛ ነው የሚያወጡት። መብራቱም የስልክ ኔትወርኩም መንገዱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ትንሽ ሱቅ ብትከፍቺ ይሸጣል። ድምፁን ትለምጂዋለሽ፣ እንግዳ ነው እንቅልፍ የሚያጣው። አቧራውን ግን አልለመድነውም።

ለዚህ ነው እኔ ብሆን መሀሉን የምመርጠው። ከአስፋልቱ ሁለት ሦስት ቤት ገባ ያለ፣ የራሱ የውስጥ መንገድ ያለው ቤት ፈልጉ። ልጆች ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚጫወቱበት ደጅ አለው፣ ኳሱ ሲያመልጥ አስፋልት ላይ አይገባም። መኪና ሲፈለግ ደግሞ ትንሽ መሄድ ብቻ ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ ለንግድ አይሆንም ስለሚባል። ደላሎች ይሄን ቤት ቀድመው አያሳዩም፣ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የመንገዱን ነገር ለማወቅ ደላላውንም ሻጩንም ተያቸው። ጉልት ላይ የተቀመጡትን እናቶች ጠይቂ፣ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሲያዩ ነው የሚውሉት። የሰፈሩን የዕድር ዳኛም አግኙ። ባለፉት ዓመታት በመኪና ምክንያት ስንት ድንኳን እንደተተከለ፣ የቱ ጋ እንደተገጩ ጭምር ይነግሯችኋል። ሁሉም አንድ ቦታ የሚጠቁሙ ከሆነና ቦታው ለቤቱ ቅርብ ከሆነ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ተመለሱ።

ይሄን ሁሉ አጣርታችሁ ቤቱን ከወደዳችሁት፣ በሩን ወደ ጓሮ ማዞር ይቻል እንደሆነ እዩ። ወደ ትምህርት ቤቱ በእርሻ ዳር የሚወስድ የእግር መንገድ ካለ ልጆቹ አስፋልቱን ሳይረግጡ ይሄዳሉ። የእኛዎቹ እንዲህ ነው የተማሩት፣ ክረምት ላይ ቦቲ ጫማ አድርገው። የ4 ዓመቱ ግን አስፋልቱ ወዳለበት በር ብቻውን እንዳይደርስ፣ መቀርቀሪያው እጁ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ይሠራ።

ትምህርት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አልጻፍሽም። እሱንና ከበሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚታይ ንገሪኝ፣ የቀረውን እንጨዋወትበታለን።