ሁለት ቀን ታይሮይድ ኪኒን ቢረሳ ለምን ምንም አይሰማም?

እህቴ "ሌቮታይሮክሲኔን ሁለት ቀን ረስቼው ምንም አልሆንኩም፣ ለመሆኑ ሰውነቴ ሆርሞኑን ምን ያደርገዋል?" ላልሽው... እኔ ታይሮይዴ በኦፕሬሽን ሙሉ በሙሉ ከወጣ 9 ዓመት አልፎታል፣ ይሄን ነገር በራሴ ላይ ነው የተማርኩት።

ኪኒኑ (ሌቮታይሮክሲን) ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ነው፣ ቲ4 ደግሞ በጣም ዝግ ያለ ነገር ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ ነው የሚዞረው፣ ግማሹ እስኪወገድ 7 ቀን አካባቢ ይፈጃል። ሁለት ቀን ብትረሺው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እዛው አለ። ዶዝ ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚል፣ ከአንጎል ስር ካለ እጢ የሚወጣ ሆርሞን) ለመመርመር 6 ሳምንት ጠብቂ የሚሉትም ለዚሁ ነው (እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቸኩዬ በሁለተኛው ሳምንት ሄጄ ብሬን በከንቱ አቃጥያለሁ)።

አወጋገዱ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ቲ4 ሁለት ቀለበት አለው፣ በነሱ ላይ 4 አዮዲን ተሸክሟል፣ ጉበትና ኩላሊት ሌላም ቦታ ያሉ ኢንዛይሞች አንዷን ይነቅሉበታል። ከውጪኛው ቀለበት ከተነቀለች ቲ3 ይሆናል፣ ዋናው ሰራተኛ እሱ ነው፣ እሱ ግን ግማሹ በ1 ቀን ገደማ ያልቃል። ከውስጠኛው ከተነቀለች ሪቨርስ ቲ3 የሚሉት ስራ ፈት ይሆናል። በጠና ስትታመሚ ሰውነት ወደዚህኛው ያጋድላል። የተነቀለው አዮዲን በብዛት በሽንት ይወጣል። የቀረውን ሆርሞን ጉበት ከሌላ ነገር ጋር አጣብቆ በሐሞት ወደ አንጀት ይልከዋል፣ ከዛ ጥቂቱ ተመልሶ ደም ይገባል ሌላው በሰገራ ይሄዳል።

እኔን ጉድ የሰራኝ ይሄ የጉበቱ መንገድ ነው። የቲቢ ህክምና ስጀምር ሪፋምፒሲን ጉበቴን አነቃቅቶ ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ ማስወጣት ጀመረ፣ ኪኒኔን አንድም ቀን ሳልረሳ ቲኤስኤቼ ከፍ አለ፣ ዶዜ ተጨመረ። እሺ ይሁን፣ ህክምናው ሲያልቅ ግን ዶዙን መልሶ የቀነሰልኝ ሰው የለም! ከሳምንታት በኋላ ሌሊት ልቤ ድው ድው እያለ እየነቃሁ፣ ስልክ ላይ ስጽፍ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ፊደል ሦስቴ እየነካሁ፣ ጭንቀት መስሎኝ ስንት ጊዜ ተሰቃየሁ፣ ለካ ሆርሞኑ በዝቶብኝ ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም፣ እነ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ እንደዛው ያደርጋሉ። በእርግዝናም ፍላጎቱ ይጨምራል፣ እንግዴ ልጁ ራሱ ሆርሞኑን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለው።

ስለዚህ ሁለቱ ቀን ብዙም አያስጨንቅሽ፣ ልማድ ብቻ እንዳይሆን፣ ለማካካስ ብለሽም ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትደራርቢ። ይልቅ ሌላ የጀመርሽው ወይም ያቆምሽው መድኃኒት አለ?